ጭስ የተከለከለ የኢትዮጵያ ቤት

በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት፣ በሐምሌ ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ በሚገኝ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሁለት የእሳት አደጋ መኪናዎች የኢትዮጵያን ቤት በውኃ አጠቡት። የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

ይህን ዜና የዘገበ የለም። እኔም አልዘገብኩትም፤ ምክንያቱም ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ራሴ የገባሁበትን ነገር ዘግቤ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ወግ ነው፣ ወግ ደግሞ አርታኢ የለውም፤ ስለዚህ እንደ ልቤ ልናገር።

ከመቀጠሌ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር ተናድጄ የምጽፍ መሆኔ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ እኔ ስናደድ አይተው አያውቁም። አስለቃሽ ጭስ በሚተኮስበት ሰልፍ መሃል ቆሜ ሰልፈኛውን በረድፍ የምቆጥር ሰው ነኝ። የምናደደው በማስታወሻ ደብተር ነው፤ ሰዓቱን፣ ምክንያቱንና የቆየበትን ጊዜ መዝግቤ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ስለዚህ ቤት የያዝኩት ማስታወሻ አንድ ሙሉ ደብተር ሞልቶ ሁለተኛውን ጀምሯል።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ፓርኩ ከወረርሽኙ በፊት የአፍሪካ መንደር የሚባል ክፍል ሊከፍት አስቦ ነበር። በሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ ስምንት አገሮች ስምንት ቤት ይኖራቸዋል፤ ጎብኚው አህጉሩን በአርባ ደቂቃ ዞሮ፣ አይስክሬሙን ልሶ ይወጣል። ወረርሽኙ መጥቶ ፓርኩ ለጎብኚ ሲዘጋ ግንባታው ቀጠለ። የዲዛይን ክፍሉ ኃላፊ ማርሊን የምትባል ሴት ናት። የአማርኛ የሬዲዮ ፕሮግራም እንደማዘጋጅ ከአንድ ሰው ሰምታ ደወለችልኝ። ከኢትዮጵያ ቤት ደጃፍ የሚተከለው ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ መቶ ሃያ ቃል አለ፤ እሱን አይቼ እንዳርምላት ብቻ ነው የፈለገችው።

አየሁት። ኢትዮጵያ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ የበረሃ መንግሥት ናት ይላል። ሕዝቧ በቴምርና በግመል ወተት ይኖራል ይላል። ቤቶቻቸው መስኮት የሌላቸው ጨለማን ስለሚያከብሩ ነው ይላል። ከመቶ ሃያው ቃል ውስጥ እውነት ሆነው ያገኘኋቸው «ኢትዮጵያ» እና «አፍሪካ» ነበሩ።

ልባም ሰው ቢሆን ጽሑፉን አርሞ ልኮ ምሳውን ይበላ ነበር። እኔ ግን የቤቱን ዲዛይን ልየው አልኩ። የምጽፍለትን ነገር ሳላይ አልጽፍም፤ ይሄም ደንቤ ነው። ደንቦቼ ናቸው እዚህ ያደረሱኝ።

የቦታው ታሪክ እንደሚከተለው ነው፤ ከፓርኩ የድሮ ካርታዎች ላይ አጣርቼዋለሁ። በመጀመሪያ የሕፃናት ባቡር ማዞሪያ ነበር። ባቡሩ ሲያረጅ በቦታው ከፋይበርግላስ የባህር ወንበዴዎች ዋሻ ተሠራ። ልጆች ወንበዴ ሲሰለቻቸው ዋሻው ባዶውን ተቀመጠ። የኢትዮጵያ ቤት የመጀመሪያ ዲዛይን ይኸው ዋሻ ነበር፤ ቡናማ ቀለም ተቀብቶ፣ የፕላስቲክ ሣር ተደርቦበት፣ በሩ ላይ በኤሌክትሪክ የሚያገሳ አንበሳ ተቀምጦ። አንበሳው አዲስ አይደለም፣ ከተዘጋ ሌላ ጨዋታ የተረፈ ነው።

«ይህ የወንበዴዎች ዋሻ ነው» አልኳት።

«ነበር» አለች ማርሊን። «ጎብኚው በምን ያውቃል?»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፤ ተናደድኩ። ቆይታ፣ እስከ ምሽት።

ከዚያ ከአፌ በወጣው ነገር እስካሁን ራሴን ይቅር አላልኩም። ቤቱን የሚሠራ ሰው እኔ አለሁ አልኳት። ሰው አውቃለሁ ማለቴ ነበር፤ እሷ ግን እኔን የሣር ቤት ሊቅ አድርጋ መዘገበችኝ፣ እኔም አላስተባበልኩም። አንባቢዎቼ፣ እኔ የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ቆርቆሮ ሥር ነው። የሣር ቤት የማውቀው ከአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱም አውቶቡሱ ቀስ ሲል ብቻ።

የማውቀው ሰው ጋሽ ከድር ሸምሱ ነው። ጆሃንስበርግ መሃል ባለው የአበሾች ገበያ፣ ጀፕ ላይ፣ ድሮ የሐኪሞች ቢሮ በነበረ ፎቅ፣ በአንድ ሐኪም ክፍል ስፋት መጋረጃና ብርድ ልብስ ይሸጣል። ከስልጤ ተነስቶ በመኪናም በእግርም እዚህ ከመድረሱ በፊት ከአባቱ ጋር ቤት ሠሪ ነበር። ሱቁ ስሄድ የወረርሽኙ ዕገዳ ገበያውን ገድሎት፣ በመጋረጃ ጥቅሎች መሃል ተቀምጦ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ሻይ ይጠጣል።

«ጋሽ ከድር፣ ቤት መሥራት ረስተዋል እንዴ?»

«መጋረጃ መሸጥ ነው የሚረሳኝ» አለኝ። «ቤት ሠሪ ነበርኩ፣ አሁን የሰው መስኮት አለብሳለሁ። ማን ነው ቤት የፈለገው?»

ነገርኩት። የአንበሳውን ነገር ስደርስ አስቆመኝ።

«አንበሳው ቤቱ ውስጥ ምን ይሠራል? ተጋብዞ ነው?»

«በሩ ላይ ነው ጋሽ ከድር።»

«በሩ ላይ ከሆነማ ሰው እንዴት ሊገባ ነው? ወላሂ እነዚህ ሰዎች ቤት ውስጥ ኖረው አያውቁም።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እሠራለሁ። አንድ ነገር ግን እጠይቅሃለሁ። ስሜ ይጻፍ።»

«የት?»

«ሰሌዳው ላይ ነዋ! ስማ ጋዜጠኛው፤ ይህ ሱቅ በማን ስም ነው? በሌላ ሰው። ዕቃ የምጭንበት ባኪ መኪና? በሌላ ሰው። የስልኬ ሲም ካርድ በአንዲት ደንበኛዬ ስም ነው፤ እሷ ብትሞት እኔም ስልክ አላነሳም። ትሮይቪል ሰፈር የማድርበት ክፍል እንኳ ውሉ ላይ ያለው ከአገር ከወጣ አምስት ዓመት የሆነው ሰው ነው። አሥራ አራት ዓመት በሰው ስም ኖርኩ። አንድ ነገር ላይ ከድር ሸምሱ ሠራው ይባልልኝ። ፎቶውን ለአባቴ እልካለሁ። ሽማግሌው ‘ልጄ ጨርቅ ሻጭ ሆኖ ቀረ’ እያለ ሊሞትብኝ ነው።»

ለማርሊን እዚያው ደወልኩላት። «በእርግጥ ስሙ ይኖራል» አለች። ሰዓቱን ጻፍኩ። በጽሑፍ ላኪልኝ ግን አላልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ለሚኒስትርም ለፖሊስም «በጽሑፍ ይስጡኝ» ስል የኖርኩ ሰው ያን ቀን በቃል ተቀበልኩ። ሌላ ጋዜጠኛ ይህን ቢያደርግ አንድ ወር እስቅበት ነበር።

ግንባታው ተጀመረ። ጋሽ ከድር ፓርኩ ያቀረበለትን በመድኃኒት የተነከረ እንጨት አሽትቶ መለሰው። «ይህ ሆስፒታል ነው የሚሸተው» ብሎ የባህር ዛፍ ቋሚ አስመጣ። ሣሩን ከከተማው ውጪ ከሚያጭዱ እናቶች በነዶ ገዛ። ከጀፕ አራት የአገሩን ልጆች ይዞ ቀኑን ሙሉ ይማግራል፣ ያስራል፣ ይከድናል። የእኔ ሥራ ማስተርጎም ነበር። ትርጉም ላይም ደንብ አለኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሼዋለሁ።

ማርሊን መሃል ላይ የቆመውን ምሰሶ አይታ፣ ጎብኚ ፎቶ ሲነሳ ስለሚጋርድ ይነሳልኝ አለች።

«ንገራት» አለኝ ጋሽ ከድር ቀና ሳይል፣ «ምሰሶውን ታውጣና እዚያው ቦታ እሷ ትቁም።»

«ሐሳቡን ያጤነዋል» ብዬ ተረጎምኩ። ምሰሶው ቀረ። አንበሳው ከበሩ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ የስምምነት ውጤት ነው። ጋሽ ከድር ጥጃ የሚታሰርበትን ቦታ ሰጠው፤ በየሩብ ሰዓቱ ሲያገሳ «ዝም በል፣ ሣር እሰጥሃለሁ» ይለዋል።

ከዚያ የጭሱ ጉዳይ መጣ።

የፓርኩ የደህንነት ኃላፊ ሲፖ ይባላል። ከገጠር ኳዙሉ የመጣ፣ ረዥም፣ ማንንም የማይቆጣ ሰው ነው። ጋሽ ከድር ከሱቁ ደንበኞች በለቀማት ዙሉ «ሳውቦና ባባ» ብሎ ሰላምታ ይሰጠዋል፣ እሱም «ዬቦ ባባ ከድር» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእኔ በኩል ያልፋል። ሣሩ ተከድኖ እንዳለቀ ጋሽ ከድር ቤቱ መሃል ጉድጓድ ምሶ ሦስት ድንጋይ አስቀመጠ።

«እሳት ነው?» አለ ሲፖ።

«ጭስ ነው» አለ ጋሽ ከድር። «የሣር ጣሪያ ጭስ ካልገባው ነቀዝ ይገባዋል። በየቀኑ መታጠን አለበት። ጭሱ ነው ሣሩን የሚያጠቁረው፣ የሚያጠነክረው፣ ነቀዙን የሚያባርረው። ሰው የሌለበት የሣር ቤት አይተህ ታውቃለህ? በዓመቱ ይወድቃል። እሳት ስለማይነድበት ነው።»

ሲፖ ቆቡ ሥር ያለውን ራሱን አከከ። «እኔ አውቃለሁ» አለኝ። «የአባቴ ቤት እንደዚሁ ነው። ግን ይኸውልህ» ብሎ አንድ ወረቀት አወጣ። «እዚህ ቅጽ ላይ ‘የእሳት ምንጭ’ የሚል ሳጥን አለ፣ መልሱ ‘የለም’ መሆን አለበት። ‘ቤቱን ማጠን’ የሚል ሳጥን የለም።»

«ሳጥን ጨምርበት በለው» አለ ጋሽ ከድር።

ሲፖ የቻለውን አደረገ። በየሰኞው ለአንድ ሰዓት፣ እሱ ራሱ እሳት ማጥፊያ ይዞ ምሰሶው ሥር ቆሞ፣ እንዲነድ ፈቀደ። በቅጹ ላይ ምን ብሎ እንደሞላው ጠይቄው አልነገረኝም። ጋሽ ከድር ለሳምንቱ በቂ አይደለም እያለ አጉረመረመ፤ ቢሆንም ሰኞ ሰኞ ቤቱ ታጠነ፣ ሲፖም በዓይኑ እንባ ይዞ «የቤታችን ሽታ» ይል ነበር።

በዚህ መሃል ቢሮው ውስጥ ሰዎች ታመሙና ግንባታው ለሦስት ሳምንት ተዘጋ። ማንም አይገባም ተባለ። ጋሽ ከድር በየማታው ይደውልልኛል። ዮቪል ሰፈር ያለችው ክፍሌ ውስጥ እራቴን እየበላሁ ስለ ነቀዝ እሰማለሁ።

«አሁን እየበላ ነው» ይለኛል።

«ማን?»

«ነቀዙ ነዋ! አንተም እየበላህ ነው፣ ድምፅህ ያስታውቃል።»

በሐምሌ ሁለተኛው ሐሙስ በሩ ተከፈተ። ገብተን ቀና አልን። ከማገሩ ላይ ነጭ ዱቄት በወንፊት እንደሚነፋ ጤፍ ይወርዳል፤ ምሰሶው ሥር ተከምሯል፣ የአንበሳው ጀርባ ላይም ተኝቷል። ጋሽ ከድር ጣቱን ነክሮ አሸተተው፣ ወጥቶም እርጥብ የባህር ዛፍ ቅጠል ማምጣት ጀመረ። የሦስት ሳምንቱን ጭስ በአንድ ጠዋት ሊከፍለው ነው።

ሲፖ አልነበረም፤ እሱም ታሞ ቤቱ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። እኔም ሥርዓት አዋቂው ኃላፊ ሳያውቅ አይነድም አልኩና ለአራት ኃላፊዎች ኢሜይል ጻፍኩ። ርዕስ፦ ጭስ፤ ምክንያት፦ ነቀዝ፤ አደጋ፦ የለም። ከሦስቱ «ለጊዜው ከቢሮ ውጪ ነኝ» የሚል የማሽን መልስ መጣ፣ የአራተኛው ሳጥኑ ሞልቶ ተመለሰ። አራት ጽፌ አራት መልስ አገኘሁ። አሳውቄያለሁ ብዬ ወሰንኩ። ይህንን ውሳኔ ለወጣት ጋዜጠኞች ሥልጠና ብሰጥ የስንፍና ምሳሌ አድርጌ የማቀርበው ነው።

እሳቱ ተያያዘ፣ እርጥቡ ቅጠል ተጫነበት። ጭሱ መጀመሪያ በጉልበታችን ልክ ተንሳፈፈ፣ ቀጥሎ ምሰሶውን ይዞ ወጣ፣ ጣሪያውን ሞላ፣ ከዚያ በሣሩ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ውጪ ሾለከ። ወጥቼ አየሁት። ጣሪያው በሙሉ ያጨሳል። በገጠር መንገድ በማለዳ ለሚያልፍ ሰው ይህ ማለት ቤቱ ውስጥ ሰው ተነስቷል፣ ቁርስ እየተሠራ ነው ማለት ነው። ጋሽ ከድር ዓይኑ ቀልቶ፣ እያሳለ፣ ደስ ብሎት «አሁን ቤት ሆነ» አለ።

ከወዲያ ማዶ የገደል ባቡሩን፣ ሽቅብና ቁልቁል የሚወነጨፈውን የፓርኩን ጨዋታ፣ ሲሞክሩ የነበሩ ሠራተኞች ግን ያዩት የሚቃጠል አገር ነበር።

መኪናዎቹ ሲደርሱ እኔ ተመልሼ ውስጥ ገብቼ የጭሱን መጠን እየመዘገብኩ ነበር። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በኮሌታዬ ጎትቶ አወጣኝ። ከጭሱ ስወጣ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል «ማስክህን አፍንጫህ ላይ አድርግ» የሚል ነው። ጋሽ ከድር በሩ ላይ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። «ቤቱ እየታጠነ ነው! አትርጩት! ጋዜጠኛው፣ ንገራቸው እንጂ!» እኔ ነገርኳቸው። ነቀዝ በእንግሊዝኛ እያሳሉ ማስረዳት ቀላል አይደለም። ውኃው ተለቀቀ። የግድግዳው ምርግ እንደ ገንፎ እየተንሸራተተ ወረደ። ውኃ የገባው አንበሳ ማግሳት ጀመረና ማቆም አልቻለም፤ ሰዓት ይዤበታለሁ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አገሳ። በዚያ ስፍራ የልቡን የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአርባ፤ ተናደድኩ። ቆይታ፣ አልተዘጋም።

ስብሰባው በዙም ተደረገ። ማስታወሻዬ ላይ ስድስት ፊት በስድስት ሳጥን አለ። ጋሽ ከድር ከሱቁ ነው የገባው፤ ከጀርባው አበባ ያለበት መጋረጃ ስላለ ከሁሉም ያማረ ክፍል ያለው እሱ ይመስል ነበር። ውሳኔው ተነበበ። የሣር ጣሪያው ይነሳና በፕላስቲክ ሣር ይተካል። በቤቱ ውስጥ እሳት ለዘላለም ክልክል ነው። ሦስተኛው ውሳኔ ግን አለ። የዚያን ቀን ጭስ ከገደል ባቡሩ የቀረጸ ሠራተኛ ቪዲዮውን በትኖት ብዙ ሰው ስለወደደው፣ ቤቱ ውስጥ የቲያትር ጭስ ማሽን ይገጠማል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ሽታ ያለው፣ ጉዳት የሌለው ጭስ ይለቃል።

ተረጎምኩ። ጋሽ ከድር ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«ድምፅዎ ተዘግቷል» አለችው ማርሊን።

«አልተዘጋም» አለ። «ጋዜጠኛው፣ እውነተኛው ጭስ ተከለከለ፣ የውሸቱ ተፈቀደ። በትክክል ተርጉመሃል?»

«በትክክል ነው ጋሽ ከድር።»

«እንደገና ጠይቃት።»

ጠየቅኳት። መልሱ ያው ነው።

«እሺ» አለ። «ሰሌዳውስ?»

ሰሌዳው በማግስቱ በኢሜይል መጣ። የውቅያኖሱ ዳርቻ ወጥቷል፣ ግመሉም ሄዷል፤ ይህ የእኔ ድል ነው። መጨረሻው ላይ «ዲዛይን፦ የፓርኩ ስቱዲዮ። በአካባቢው የእጅ ባለሙያዎች በባህላዊ መንገድ የተሠራ» ይላል። ይዤው ጀፕ ሄድኩ። ጋሽ ከድር መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን ወደ መብራቱ ያዘው።

«ስሜ የት ጋ ነው?»

ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ ማንበቤ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። ጎረቤቱ ሙደሲር፣ ጫማ ሻጩ፣ ሳቁን ይዞ ሊገባ ነበር፤ ፊታችንን አይቶ ከበር ተመለሰ።

ማርሊን ጋ ደወልኩ።

«የቃላት ገደብ አለብን» አለች።

«ሁለት ቃል ነው። ከድር። ሸምሱ።»

«ለእሱ ካደረግን ለሌሎቹ ሰባት ቤቶችም ማድረግ ይኖርብናል።»

«አድርጉዋ!»

«ከአደጋው በኋላ የሕግ ክፍሉ ስም ባይኖር ይመረጣል ብሏል።»

«ምን አደጋ? ምን ተቃጠለ?»

«ስሜቱን እረዳለሁ» አለች። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ የተሰደብኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚህች ዓረፍተ ነገር ያቃጠለኝ የለም። ስልኩን ዘግቼ ሰዓቱን ጻፍኩ። የጻፍኩትን ቁጥር ዛሬም ማንበብ አልችልም።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። «ሥራ ተቋራጩ»፣ ጋሽ ከድር ማለት ነው፣ የሣር ጣሪያውን «በሙሉ፣ ግድግዳውን ሳይጎዳ» በሰባት ቀን ውስጥ ከግቢው እንዲያነሳ ያዛል። ቆሻሻ መጣያ ኮንቴይነር እንደሚቀርብም ይገልጻል።

«በሙሉ ነው የሚለው?» አለ ጋሽ ከድር።

«በሙሉ ይላል።»

«ግድግዳው ሳይጎዳ?»

«ሳይጎዳ።»

ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እነዚህ ሰዎች ሳያውቁት እንደኛ ማሰብ ጀምረዋል። እኛ አገር ጣሪያ አይፈርስም ጋዜጠኛው። ሰው ቦታ ሲቀይር ጎረቤት ተጠርቶ ጣሪያውን ከግድግዳው ላይ አንስቶ ተሸክሞ ይሄዳል። እኔ ራሴ በልጅነቴ ሥሩ ገብቼ ስንቱን አድርሻለሁ።» ስልኩን አነሳና በስልጥኛ መደወል ጀመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጀፕ ሦስት ሚኒባስ ታክሲ ሙሉ ሰው መጣ። ብርድ ልብስ ሻጮች፣ ጫማ ሻጮች፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፤ በዕገዳው ወራት ተቀምጠው ሆዳቸው የወጣ ጎልማሶች። ሲፖ ተሽሎት በሩ ላይ ነበር። ደንብ ደንብ ነውና ሁሉም በመዝገቡ ላይ ስሙን ራሱ እየጻፈ፣ ሙቀቱን እየተለካ እንዲገባ አደረገ። ጋሽ ከድር ከፊት ነው። ብዕሩን ይዞ በጣም ስለቆየ ከኋላው ያለውን ሰልፍ አላስችል አለው።

«ጋሽ ከድር፣ ኒካህ ነው እንዴ የሚፈርሙት?» ብሎ ጮኸ ሙደሲር።

«አንተ ተራህን ጠብቅ» አለው ሳይዞር።

ጣሪያውን ከግድግዳው ጋር የያዙትን ማሰሪያዎች ፈቱ። የመሃሉ ምሰሶ ተነቅሎ ከጣሪያው ጋር እንደታሰረ ቀረ። ሁሉም ከጠርዙ ሥር ትከሻውን አስገባ፣ ጋሽ ከድር ድምፅ ሰጠ፣ ጣሪያው ተነሳ። ከዚያ ሲራመድ አየሁት። የስድስት ሜትር ጣሪያ፣ ከሥሩ ስልሳ የሚያህል እግር፣ በገደል ባቡሩና በፈረስ ማዞሪያው መሃል ያልፋል። ማርሊን ከቢሮዋ ሮጣ ወጣች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

ደብዳቤውን ዘርግቼ አነበብኩላት። «በሙሉ፣ ግድግዳውን ሳይጎዳ።»

«እንደዚህ ማለታችን አይደለም!»

«የጻፋችሁት ይህንን ነው» አልኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ደስ እያለኝ ያነበብኩት ሰነድ የለም።

«ርቀታቸውን አልጠበቁም!» አለች በመጨረሻ። እውነቷን ነው። ከጣሪያ ሥር ርቀት አይጠበቅም።

ዋናው በር ጠበበ። ሲፖ ሳይጠየቅ ሄዶ የትልልቅ ማሽኖች መግቢያ የሆነውን የጀርባ በር ከፈተ፣ ቆቡን አውልቆ ጣሪያውን አሳለፈው። መድረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ያለ፣ የአንድ ስልጤ ወንድም የዶሮ እርባታ ነው። አስፋልት ላይ ስንወጣ ከኋላችን መኪና ተሰለፈ፣ ጡሩምባው ቀለጠ። ከሚኒባሶቹ አንዱ ጎን ለጎን መጥቶ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ሹፌሩ አንገቱን አወጣ።

«ባባ፣ ይህ የሣር ታክሲ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ በእንግሊዝኛ።

«ሞልቷል! የሚቀጥለውን ጠብቅ!» አለው ሙደሲር ከሣሩ ሥር። ሥሩ ያሉት ሁሉ ሲስቁ ጣሪያው ተንገዳገደ፤ ጋሽ ከድር ተቆጣ፤ ሄድን፤ ደረስን።

ቤቱ በመስከረም ለጎብኚ ተከፈተ። በሁለተኛው ሳምንት ትኬት ቆርጬ ገብቼ የሚከተለውን አረጋግጫለሁ። ጣሪያው ፕላስቲክ ነው። የጭስ ማሽኑ በየግማሽ ሰዓቱ ይሠራል፣ ጭሱ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። አንበሳው ተጠግኗል። ሰሌዳው ላይ ስም የለም። ስለ ቤቱ የተጻፉ ሌሎች ሰነዶችን ማለትም ውሉን፣ የደህንነት ቅጹን፣ የአደጋ ሪፖርቱንና የማንሻ ደብዳቤውን መርምሬ «ሥራ ተቋራጩ» ከሚል በቀር አላገኘሁም። ስወጣ ሲፖን የዚያን ቅዳሜ የበር መዝገብ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ገጹን ገልጦ ሰጠኝ። የመጀመሪያው መስመር በትልልቅ ፊደል፣ በብዕር ተጭኖ የተጻፈ ነው። ስም፦ ከድር ሸምሱ። የመጡበት ምክንያት፦ የሠራሁትን ቤት ለመውሰድ። ሙቀት፦ 36.4። ከሥሩ ያሉትን ስሞች በመዳፌ ሸፍኜ ፎቶ አነሳሁና ለጋሽ ከድር ላክሁለት። እሱ ወደ ስልጤ፣ ለአባቱ አስተላለፈው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ ደርሷል።